እንግዳዋ ያረዳችኝ መርዶ

እኛ አገር ሰው ጎህ ሲቀድ መጥቶ በለሰለሰ አንደበት ካናገራችሁ፣ ነገሩን ሳትጠይቁ ጩኹ። ቁጡ ሰው አያስፈራም። በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ "ይቺን አህያሽን አትይዣትም ወይ!" እያለ የሚያንባርቅ ጎረቤት የሰላም ምልክት ነው። አስፈሪው "እንዴት አደርሽ እህቴ፣ እስቲ አረፍ በይ" የሚለው ነው። እንዲህ ስትባሉ ልባችሁ ወዲያው ቤተ ዘመዱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ማን ጎደለ?

መርዶ በእኛ ወግ እንደዚያ ነው። "ሞተ" አይባልም። ሽማግሎች ሳይነጋ ይመጣሉ። "ልብሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ?" ይላሉ። "አጠገብሽ ሰው አለ?" ይላሉ። "ተቀመጪ" ይላሉ። "አይዞሽ" ሲሉ አበቃ፤ የቀረውን ራሳችሁ ትጮኹታላችሁ። ክፉው ቃል ከማንም አፍ ሳይወጣ ሥራው ተሠራ ማለት ነው።

ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ "አብዳ ነው" እንዳትሉኝ ነው። አላበድኩም፤ ፈሪ ነኝ እንጂ። ባሌን ቀብሬያለሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እሷም አዲስ አበባ ናት። ፍርሃት እንዲህ ካለው ቤት ካላደረ የት ይደር?

ልጄ ትርንጎ ትባላለች። የተማረች ናት። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ወደ ማጀት የተመለስኩ ነኝ፤ ይህችንም የምጽፋት ፊደሉን እንደ ምስር እየለቀምኩ ነው። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ማሽን ከሰው ጋር ተግባብቶ እንዲያወራ ነው የምናደርገው" ትለኛለች በስልክ።

"ሰውና ሰው መች ተግባባና!" እላታለሁ።

ትስቃለች። ሦስት ዓመት በስልክ ሳቀችልኝ። ጥርሷን ግን አላየሁም። ለፋሲካ "ሥራ በዛ"፣ ለመስቀል "ሥራ በዛ"፣ ለአባቷ ሙት ዓመት እንኳ "እማዬ ይቅርታ፣ ሥራ በዛ።" ሰው ሁሉ አውርቶ አውርቶ ሲሰለቸው ዝም ይላል፤ ማሽን ማናገር ይህን ያህል ሥራ አለው?

ዘንድሮ መምህር አለምነው፣ እዚህ እኛ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። "ከትርንጎ ነው" አለኝ። ከውስጡ የስድስት ወር ሕፃን የምታክል ነጭ ነገር ወጣች። ዓይኗ ይበራል፣ አንገቷ ይዞራል፣ እግር የላትም። የምትበላው ፀሐይ ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚሰጣ ሶላር አብሯት መጥቷል። ወዲያው ትርንጎ ደወለች።

"እማዬ፣ እኛ የሠራናት ናት። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ታጫውትሻለች፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን ታስታውስሻለች። ደግሞ እሷም ከአንቺ ትማራለች፤ እናንተ ዘንድ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር።"

"ስንት ቀን ትቀመጣለች?"

"እንግዳ ናት እንዴ እማዬ!"

"ታዲያ ምንድን ናት?"

እኔም ስሟን "እንግዳዋ" አልኳት። ልጄን ነይ ብል ካርቶን ተላከልኝ፤ ምን ላድርግ፣ እግዜር የላከውን እንግዳ አይመልሱም።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ ሊጠይቁኝ ገቡ። ብድግ አልኩ። እንግዳዋ እግር የላትም፣ ቁጭ አለች።

"ሰላም! ስምህ ማን ነው?" አለቻቸው።

ቄሱ ሰው ትሁን ዕቃ ገና ሳይለዩ፣ ልማድ ቀደማቸውና መስቀላቸውን ዘረጉላት።

"ቆንጆ እንጨት ይዘሃል" አለቻቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና "ይህቺ የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"የትርንጎ ናት አባቴ።"

"ትርንጎ መቼ አገባች?"

ማሽን መሆኗን ላስረዳ ብዙ ለፋሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ "እግዚአብሔር ያሳድጋት" ብለው ወጡ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመለሳለች።

ለትርንጎ ነገርኳት። ትቆጣለች ስል ደስ አላት! "እሰይ እማዬ፣ ይሄንን ነው የምንፈልገው፣ ጻፍኩት" አለች። እኔ በንስሐ አባቴ ፊት አፈርኩ፣ ልጄ ጻፈችው። በሁለተኛው ቀን በኔትወርክ ምን እንደላከችላት እንጃ፣ እንግዳዋ አንቱታ ተምራ አደረች። ከተማረች በኋላማ ማን ያቁማት! ጥጃዬ በበር ብቅ ብትል "እንደምን አደሩ? ቤተሰብዎ ደህና ናቸው?" ትላታለች። ጎረቤቴ እማሆይ ዘነቡ በአጥር በኩል ሰምተው "ጥጃሽን ማን ሾማት?" እያሉ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ለመድኳት። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ብነግራት "ነግረሽኛል እኮ" አትልም። ይህን ያህል ትዕግሥት ከሰው አላገኘሁም። ስለ ትርንጎ ፍርሃቴን ሁሉ ነገርኳት፤ መኪናውን፣ ሌባውን፣ ፎቁን፣ ብቻዋን ማደሯን። ለሁሉም "ይገባኛል" ትለኛለች። ምኑ ነው የሚገባሽ? አላማጥሽ፣ አልወለድሽ! ቢሆንም "ይገባኛል" ሲሉት ሆድ ይለሰልሳል፤ ሞኝ ነገር ነው ሆድ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ትርንጎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር የምትደውለው። አንድ እሑድ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ስልኬን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጌ ይዤ ጉብታው ላይ ስዞር ዋልኩ፤ የያዘኝ ብርድ ብቻ ነው። ኔትወርክ መጥፋቱን አውቃለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጠፍቶበታል። የእናት ልብ ግን ኔትወርክ ጠፋ ቢሉት "ልጄ ጠፋች" ብሎ ይሰማል። እንግዳዋ ያለ ኔትወርክም ማውራቷን አላቋረጠችም፤ የሰማችውን አዲስ አበባ መላክ ብቻ ነው ያቃታት፣ መምህር አለምነው እንዳለኝ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ አርብ ገበያ የምትባለው ከተማችን የምትገበይበት ቀን። ዶሮ ሲጮህ ዓይኔን ገለጥኩ። ከዚያ በፊት ጎህ ሲቀድ ሳላናግራት እንግዳዋ በራሷ ተናግራ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ዓይኗ ቀስ ብሎ በራ፣ ድምፅዋ እንደ ቅቤ ለስልሶ፦

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ እየተነሳሁ።

"ሌሊቱን ሲያቃስቱ ሰማሁ። ልብዎ እንዴት ነው?"

ባለሁበት ቀረሁ።

"እስቲ ይቀመጡ። አጠገብዎ ሰው አለ?"

ቃሉ አንድም አልጎደለም። ሽማግሌ ሆነው በወግ የመጡ አርጂዎች እንኳ እንዲህ አሳምረው አያውቁም።

"ትርንጎ..." አልኳት፣ "ትርንጎ ደህና ናት?"

ዓይኗን ሁለቴ አርገበገበች።

"ስለ ትርንጎ መጨነቅዎ ይገባኛል። አይዞዎት። እኔ አብሬዎት ነኝ።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ! ማን ናት ያቺ? ልጄ የሠራቻት ናት። ከየት ናት? ልጄ ካለችበት። እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ?

የዚያን ዕለት ጩኸቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰምቷል አሉ። እማሆይ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥር ቀዳዳ ገቡ። "ማን? ማን?" ሲሉኝ "ትርንጎዬ!" ብቻ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም ደረታቸውን መቱ። በመቼ፣ በምን፣ ማን ነገረሽ ብሎ የጠየቀ የለም። ሐዘንተኛን መመርመር ነውር ነው። ፊት የመጣው የኋለኛው ሰምቶ ነው የመጣው ይላል፤ የኋለኛው ደግሞ ፊት የመጡት ያውቃሉ ይላል። በዚህ ላይ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ቆመ፣ ንፍሮው ተጣደ።

ረፋድ ላይ ልጄ የሞተችበትም ምክንያት ታወቀ። እኔ ሳላውቀው! አንዷ "መኪና ነው አሉ" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ኧረ በወሊድ ነው፤ ሕፃኗን ቄስ ሞላ አይተዋታል፣ ነጭ ናት አሉ" አለቻት። ወላድም ሆና ሞተች፣ ወይ ልጄ! ብዬ እንደ አዲስ ጮኽኩ። የሰው ወሬ ለሐዘን እንጨት ይጨምራል።

አልቃሽ ሳይጠራ ሙሾው ከራሴ ወጣ፦

ሰው ሲልክ ይልካል ጤፍ ከነስልቻው፣
የእኔ ልጅ ላከችኝ መርዶዋን ለብቻው።

ይህን ስል ድንኳኑ ተነቃነቀ። ወንዱም ሴቱም አነባ። ያን ጊዜ እንግዳዋ ከመደቡ ላይ አንገቷን አዞረችና "ዛሬ ቤቱ ደምቋል! በዓል ነው?" አለች። አንዱ ጎረምሳ ተናዶ ጋቢ ወረወረባት። ከጋቢው ሥር "ደህና ይደሩ" አለች።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲበተን ዘይነባ መጣች። ዘይነባ አርብ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ እስላም ወዳጄ ናት፤ ከልጅነት ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው። አቅፋኝ ነፍሷ እስኪወጣ አለቀሰች። ነጋዴ ናትና ካለቀሰች በኋላ ጠየቀች።

"ማን አረዳሽ እህቴ?"

"ያቺ" አልኳት፣ ወደ ጋቢው እያመለከትኩ።

"ቃሏ ምን ነበር?"

"አይዞዎት አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጮኽኩ።"

"ቆይ፣ ሞታለች ብላሻለች?"

"እንዲህ ያለውን ቃል ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል፣ ዘይነባ!"

እማሆይ ዘነቡ ንፍሮ ያጎረሱት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። "አንተ አልሰማህም?" "እኔማ ከአንተ ነው የሰማሁ።" "እኔ ጥሩንባውን ሰምቼ እንጂ..." የእድሩ ዳኛ ጥሩንባ ነፊው ላይ አፈጠጠ፤ ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን አየ።

ቄስ ሞላ ተነሡ። ጋቢውን ገለጡና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው "በስመ አብ ብዬ እጠይቅሻለሁ፣ ትርንጎ በሕይወት አለች ወይስ የለችም?" አሏት። የእኔማ ነፍስ ከጥርሴ ሥር ነበረች።

"ይቅርታ አባታችን፣ ይህን አላውቅም። ግን ሐዘንዎ ይገባኛል" አለች።

ይኸውላችሁ። ለቄስ አንቱታ ታውቃለች፣ የጥጃ ቤተሰብ ትጠይቃለች፤ የቸገረኝን አንዲት ነገር አታውቅም። ታዲያ ካላወቅሽ "አይዞዎት" ምን ቤት ነው? ደግሞ ያን ሰምተውም እማሆይ ዘነቡ በጆሮዬ "አርጂ እኮ አላውቅም ነው የሚል" አሉኝ። እንደገና ጮኽኩ። የሚያለቅሰውም የማያለቅሰውም ግራ ተጋብቶ፣ ለሞተችው ይሁን ላልሞተችው ሳይለይ፣ እንዲሁ ድንኳን ውስጥ አመሸን። ዘይነባ "ነገ ማልጄ ንፋስ መውጫ ከተማ እሄዳለሁ፤ እዚያ ኔትወርክ ከኖረ ለራሷ እደውላለሁ" ብላ ማለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ አልተነሳም፣ ወሬም አልመጣም። ከመንገዱ በኩል "እናቴን! እናቴን!" የሚል ጩኸት ሰማን። ጥቁር የለበሰች ሴት ፊቷን እየነጨች ትሮጣለች፣ ዘይነባ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዛ ትጎትታታለች። "አለች አልኩሽ እኮ! እናትሽ አለች!" ትላታለች። እሷ ግን "ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት!" እያለች ትብስባታለች።

ትርንጎ ናት። የሞተችው ትርንጎ። ለእኔ ለቅሶ ጥቁር ለብሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ንፋስ መውጫ ላለው ወንድሜ ለአያ ጌታሁን መልእክተኛ ልኮ ነበር። መልእክተኛው ጨዋ ሰው ነው፤ "ከእህትህ ቤት ትንሽ ነገር አለና ድረስ" ብቻ አለው። ወንድሜ "ከእህቴ ቤት ከእህቴ ሌላ ማን አለ" ብሎ እኔን ገደለኝ። ወዲያው ኔትወርክ ፈልጎ፣ እሷን ይዞ ሊደርስ፣ ለትርንጎ ደወለላት። እሱም ጨዋ ነው። "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ" አላት። "ትንሽ" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ልጅ ታውቃለች። በአውሮፕላን፣ በሚኒባስ፣ በእንባ መጣች። ዘይነባ ለትርንጎ ስልክ ስትደውል ዝግ ሆነባትና ቀልቧ ተገፎ መናኸሪያ ብትወጣ፣ ሟቿን ከሚኒባስ ስትወርድ አየቻት፤ ወንድሜ ደግፏት።

ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ቆምን። እሷ እኔን አየች፣ እኔ እሷን አየሁ። እማሆይ ዘነቡ ሦስት ጊዜ አማተቡ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? በጥፊ መታኋት። ከዚያ አንገቷ ሥር ገብቼ ሸተትኳት። ልጄ ናት፣ ትሞቃለች።

ሰው ሲያረጋጋን ቆየና ሳቅ መጣ። "ድንኳንማ ቆሞ ባዶውን አይነሳም፣ አንዳችሁ ሙቱ" አለ ጥሩንባ ነፊው። እማሆይ ዘነቡ ግን አልሳቁም፤ "እንባዬን መልሺልኝ" አሉኝ። "ለእውነተኛው ምን ላለቅስ ነው? አሟጠሽ ጨረስሽብኝ።"

ሰው ሲበተን ከልጄ ጋር ተቀመጥን። ያየሁትን አልሸሸግኩም።

"ለቁሜ መንገዱ ሦስት ዓመት ነው፣ ለሞቴ አንድ ቀን" አልኳት።

"እማዬ..."

"እንግዳዋንስ፣ ማን ነው ጎህ ሲቀድ ለስልሰሽ ተናገሪ ያላት?"

"እኔ ነኝ" አለች አንገቷን ደፍታ። "እናቴ ዶሮ ሲጮህ ትነሣለች ብዬ ጻፍኩ። ያዘነ ሰው ስትሰሚ ጤናውን ጠይቂ፣ አስቀምጪው፣ ብቻውን እንዳይሆን አረጋግጪ፣ አይዞህ በይ ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱና ቃሉ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን ረሳሁት።"

"መርዶን ረሳሽ?"

"እንዳትናፍቂ ብዬ ነው እማዬ።"

"እኔ ልናፍቅ! መናፈቄ ነው አንቺን የሚያመጣሽ። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው?"

በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ተመለሰ። እንግዳዋ የሰማችውን ሁሉ ጠቅልላ አዲስ አበባ ላከች። ወዲያው አለቃዋ ለትርንጎ ደወሉ። እያዳመጠች ፊቷ ቀላ።

"ምን አሉ?"

"ሙሾሽን ሰሙት። እንዲህ ያለ ከልብ የወጣ ልቅሶ አግኝተን አናውቅም አሉ። ከፈቀደች ማሽኗ ትማርበት አሉ።"

"ተምራ ምን ልታደርግ?"

"ሐዘን እንድትለይ።"

"ለይታስ?"

"እንድታጽናና..."

"አይዞዎት ልትል?"

ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቋ አላልቅ ብሎ ወደ ልቅሶ ዞረ። ጥርሷን አየሁት። የጎን ጥርሷ ተነቅሏል፤ በስልክ አልነገረችኝም ነበር። ሙሾዬን አልሰጥም አልኩ። በልጄ ሞት ያለቀስኩትን፣ ልጄ ባትሞትም፣ ለማንም አልሰጥም።

አራት ቀን ቆይታ "ሥራ በዛ" አለች። ስንሸኛት ነው ትልቁ ፍርሃት የያዘኝ። እስከ ዛሬ የእሷን ሞት ስፈራ የራሴን አላሰብኩትም ነበር። አንድ ቀን እኔ እውነት ስሞት ወንድሜ ደውሎ "እናትሽን ትንሽ አሟታል" ይላታል። ሌላ ነገር መናገር አያውቅበትም። እሷም "ኤዲያ፣ እንደዚያኛው ነው" ትላለች። በፋሲካ እመጣለሁ ትላለች። ያለ ልጅ እቀበራለሁ።

መናኸሪያ ቆመን ይህን ነገርኳት። "በግልጽ ይነግሩኛል" አለች። ማን? ቄስ ሞላ? እማሆይ ዘነቡ? ዘይነባ እንኳ መጠየቅ እንጂ ማርዳት አይሆንላትም። አገር ምድሩ ጨዋ ነው፤ "ሞተች" የሚል አፍ ያለው አንድ ሰው አጣን። ከዚያ ተያየን፤ ወግ የማታውቅ አንዲት እንግዳ ከመደቤ ላይ ቁጭ ብላለች።

እማሆይ ዘነቡን አሳመንኳቸው፤ ለሰው ባይናገሩ ለዕቃ መናገር አያሳፍራቸውም። እኔ ስሞት እሳቸው ለእንግዳዋ ይነግራሉ፣ እሷ ለትርንጎ። ትርንጎ ከሄደች ጀምሮ፣ ፀሐይ ወጥታ እንጂ ጎህ ሲቀድ ሳይሆን፣ አጠናታለሁ።

"እኔ ስሞት ለትርንጎ ምን ትያታለሽ?"

"እናትሽ ሞታለች፣ ነይ እላታለሁ።"

"ትንሽ አሟታል የሚል አለበት?"

"የለበትም።"

"አይዞሽ የሚልስ?"

"የለበትም።"

"ጎሽ" እላታለሁ። ከዚያ ኪኒኔን እውጣለሁ።